ክብደቱ ሳይቀንስ የከሳው ዓሣ

ባለፈው ጽሑፌ ሳልመን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ እንደሚመለስ እግረ መንገዴን ጠቀስ አድርጌ አልፌ ነበር። ማለፌ አልተወደደልኝም፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ያ ሁሉ መንገድ ገላውን ምን ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። መስከረም ማለቂያ ላይ ልጆቼን ይዤ ኢሳኳ ወንዝ ዳር ሄድን። አንዷ ሳልመን ጅራቷ ተበልቶ ነጭ ሆኗል፣ ጀርባዋ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ልጄ "ውሃው ቆሽሾ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ልጅሽ አስተዋይ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ውሃውን መክሰስ አያስፈልግም። ሴት ሳልመን እንቁላሏን የምትቀብረው ጠጠር ውስጥ ነው። ጉድጓዱን የምትቆፍረው በጎኗ ተኝታ ጅራቷን እያርገበገበች ነው። ያያችሁት ሲቆፍር ያለቀ አካፋ ነው። ጥጥ የመሰለው የውሃ ሻጋታ ነው። በዚህ ወቅት ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን በገላዋ ውስጥ በጣም ይጨምራል። ያጠራቀመችውን ጉልበት እንድታወጣ ያግዛታል፤ በሽታ የመከላከል አቅሟን ግን ያደክመዋል። ደህና ዓሣ የሚመክተው ሻጋታ እሷ ላይ ቁስል ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ ሳልመን ወንዝ ከገባ በኋላ አይበላም ሲባል ሰማሁ። ሳይበላ ሽቅብ እንዴት ይዋኛል? አልገባኝም።

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አልገባኝም ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። መብላት ማቆም ብቻ አይደለም፣ ጨጓራውና አንጀቱ ራሱ እየተኮማተረ ይሄዳል። ቦታው ለእንቁላሉ ይለቀቃል። ስለዚህ ስንቁን ባሕር ላይ ሳለ ገላው ውስጥ ቋጥሮ ነው የሚነሳው። መንገድ ላይ መሙያ የለም።

መጀመሪያ የሚነካው ስቡን ነው። ስቡ ሲሳሳ ጡንቻውን ራሱን መብላት ይጀምራል። የካናዳ ተመራማሪዎች ገና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሬዘር በሚባለው ወንዝ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጡትን ሶካይ ሳልመኖች እየያዙ መርምረዋል። ዓሦቹ ጉዞውን ጨርሰው እንቁላል ጥለው እስኪያበቁ ከስባቸው ከ90 በመቶ በላይ ጨርሰዋል። ሴቶቹማ ከፕሮቲናቸውም ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ወንዶቹ በፕሮቲኑ በኩል ትንሽ ይሻላሉ። ሴቷ እየዋኘች እንቁላሏንም የምታሳድገው ከዚያችው ስንቅ ነው።

ደስ የሚለኝ ነገር ስንቁ እንደየመንገዱ መሆኑ ነው። አጭር ወንዝ ያለው ሳልመን ብዙ ስብ ይዞ አይነሳም። በዩኮን ወንዝ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የሚጠብቀው ቺኑክ የተባለው ሳልመን ግን ጮማ በጮማ ሆኖ ነው ከባሕር የሚወጣው። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ያለው ሬድፊሽ ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ነው። ጣና እንኳ ከዚያ ዝቅ ይላል። ዓሣው ያንን ሁሉ ይወጣዋል፣ በመሀል ስምንት ግድቦች እያለፈ። በ1992 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ሐይቅ የደረሰው ሶካይ አንድ ብቻ ነበር።

ስንቅ የሚያባክነው ርቀት ብቻ አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ገላው በቆመበትም ቶሎ ቶሎ ያቃጥላል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የሙቀት ወራት በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ያለው የኮሎምቢያ ወንዝ ከልክ በላይ ሲሞቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሶካዮች መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የዓሣ ሀብት ተማሪ ነኝ። የዓሣን አቋም የምንለካው ክብደቱን በግራም፣ ርዝመቱን በሳንቲ ሜትር ይዘን፣ ክብደቱን በርዝመቱ ኪዩብ አካፍለን በ100 በማባዛት ነው። ለልምምድ የሰጡን የሳልመን መረጃ ላይ ግን በጉዞው መጨረሻ ቁጥሩ ያን ያህል አልወረደም። ስሌቴ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ስሌትህ ደህና ነው፣ ወንድሜ። ያሳሳተህ ሚዛኑ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2,600 ግራም ክብደት ያለው ዓሣ ቁጥሩ 1.2 ይመጣል። ጥሩ ነው። ግን ሥጋው ውስጥ ምን አለ? ስብ ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ውሃ ይገባበታል። ስለዚህ ዓሣው ከስቶም ክብደቱ ብዙ ላይወርድ ይችላል። ሥጋውን በጣትህ ጫን ብትለው ግን ልፍስፍስ ይልብሃል። ሴቷ ላይ ደግሞ የእንቁላሉ ክብደት አለ። እሱን አውጥተህ ካልመዘንክ የምትለካው እናቲቱን ከነልጆቿ ነው።

ርዝመቱም ቢሆን ያታልላል። ወንዱ ለጠብ ሲዘጋጅ መንጋጋው ይረዝምና እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። ከአፉ ጫፍ ከጀመርክ ያልነበረ ርዝመት ትጨምርለታለህ። ለዚህ ነው የሚመጡትን የሚለኩ ሰዎች ከዓይኑ መሀል ጅራቱ እንደ ሹካ እስከሚሰነጠቅበት ድረስ የሚይዙት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቁራጭ ሥጋ መዝኖ፣ አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ውሃው በበዛ ቁጥር ስቡ ማለቁን ታውቃለህ።

ደጃፍህ ላይም አንድ ጉዳይ አለ። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። እንደ ፓስፊኩ ሳልመን አይሞቱም፤ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ችግራቸው በወንዙ አፍ ላይ ተዘርግቶ የሚጠብቃቸው መረብ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከፈለግክ ሩቅ አትሂድ።

ጥያቄ፦ እኔ የቤት እመቤት ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። ወንዝ የገባ ሳልመን ይበላል ወይ? ሥጋው ነጣ ብሎ አየሁት።

መልስ፦ ይበላል፣ እናቴ። የነጣው ቀለሙ ወደ ቆዳውና ወደ እንቁላሉ ስለሄደ ነው። ሥጋውን የሚያቀላው ባሕር ላይ ከሚበላው ሽሪምፕ መሰል ነገር የሚያገኘው ቀለም ነው። ውጭው በቀላ ቁጥር ውስጡ ይገረጣል። ለጥብስ ከፈለጉት ከወንዝ አፍ ላይ፣ ገና ብር መስሎ የተያዘውን ይምረጡ። ከእርባታ የሚመጣውም የሚታረደው ለእንቁላል ከመድረሱ በፊት ነው።

ግን የከሳውን አይናቁት። በፓስፊክ ዳርቻ ያሉ ነባር ሕዝቦች ቻም የተባለውን ስቡ ያነሰውን ሳልመን ለይተው በጭስ ያደርቁታል። ስቡ የበዛው ቶሎ ይሸታል። ለእርስዎ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቋንጣ ከጮማ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሳልመን እንቁላል ጥሎ ይሞታል?

መልስ፦ የለም። የፓስፊኮቹ፣ እነ ሶካይና ቺኑክ፣ ይሞታሉ። ከአትላንቲኮቹ ጥቂቱ ይተርፋል፣ በብዛት ሴቶቹ። አብዛኞቹ የብርዱን ወራት ወንዝ ውስጥ ከርመው ጸደይ ላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ያኔ ብታዩት ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ገላው ምላጭ የመሰለ ዓሣ ነው። ቆዳው ግን እንደገና ብር መምሰል ጀምሯል። አንጀቱም ይላቀቃል፤ ባሕር ሲደርስ ሥራው መብላት ነው።