መጋረጃውን ከምኒልክ ተዋሱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከጅማ ነው። አባባ 80 ሊሞላቸው ነው፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰብስበን የድሮ ግብር አይነት ድግስ እንደግስላቸው ብለናል። አዳራሹ ግን የሰፈር ነው፣ ጠረጴዛውም ወንበሩም ፕላስቲክ። እሳቸውና ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት እንኳን ለየት እንዲል ምን እናድርግ? ዲኮር ቤት የጠሩልን ዋጋ ያስደነግጣል። ደሞ ግማሹ እንግዳ ሙስሊም ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዲኮር ቤቱን እርሺው፣ ፊኛና የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ነው የሚሰቅሉልሽ። ጅማ ተቀምጣችሁ ደሞ አዲስ አበባን ለመምሰል ምን አደከማችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት አባ ጅፋር እዚያው ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤታቸው አለ፣ ዕቃቸውን ጅማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። ንጉሡ ሙስሊም ነበሩና የክብር ቦታው ላይ ጠጁ ቀርቶ ብርዝ በብርሌ ይቅረብ፣ ማንም ሳይሳቀቅ ይጠጣል። የስጋውን ነገር እናንተ ታውቁበታላችሁ፣ ሁለት ቦታ ማረድ ነው።

ዋናው ከፍታ ነው። የቡና ጆንያ የሚደረደርበትን የእንጨት ፓሌት ከመጋዘን ተዋሱ፣ እንዳይንገዳገድ እርስ በርሱ በሚስማር ምቱትና ምንጣፍ አልብሱት። አንድ ደርብ ይበቃል፣ የ80 ዓመት ሰው ደረጃ አታስወጡ! ፕላስቲኩን አንሱና ሞሰብ አቅርቡ፣ ዙሪያውን የጅማ በርጩማ። ገልብጠሽ ብታዪው ሚስማር የለው ኮላ የለው፣ ካንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ ከዚህ በላይ ጌጥ ከየት ይመጣል። ለአባባ ግን ጉልበታቸውን አስቡና መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን፣ ጋቢ ጣል አድርጉበት።

አንድ ነገር ብቻ ከምኒልክ ብትዋሱ ማንም አይከሳችሁም፣ መጋረጃ። በሳቸው ግብር ንጉሡና መኳንንቱ ከመጋረጃ ውስጥ ቀድመው ይበላሉ፣ ከዚያ ይከፈትና ሌላው በየማዕረጉ ይገባል። እናንተ ነጠላዎች አጋጥማችሁ ስፉና አባባ ተቀምጠው እጃቸውን እስኪታጠቡ ጋርዱ፣ ከዚያ ግልጥ! በቀለበት ስቀሉት ታዲያ፣ እኔ አንድ ሰርግ ላይ በገመድ ብቻ አስሬው ሲሳብ ከነገመዱ መጥቶ ዶሮ ወጡ ላይ አረፈ፣ የሙሽራው እናት እስካሁን አይስቁልኝም።

ኤምሲም አትቅጠሩ። አንዱን የልጅ ልጅ ዱላ አስይዙትና አጋፋሪ ይሁን፣ እንግዳውን በየዕድሜው እያስገባ ያስቀምጥ። ስልኩን ግን ቀድማችሁ ተቀበሉት።