«ጠጥቶ ተሻለው» ማለት «ስለጠጣ ተሻለው» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የእህቴን ልጅ ጉንፋን ይዞት ነበር። ታላቅ እህቴ «ሽሮፑን ጠጥቶ ተሻለው» አለችኝ። እኔም «ሽሮፑ እንዳዳነው በምን አወቅሽ?» አልኳት። «እኔ መቼ ሽሮፑ አዳነው አልኩ? ጠጥቶ ተሻለው ነው ያልኩት!» ብላ ተቆጣች። ነገሩ በዚያው አለፈ፤ እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞስ እንዲህ ያለው የክርክር ስህተት በአማርኛ ምን ይባላል? «ፋላሲ» ማለት ሰለቸኝ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ይህን የምለው ላስታርቃችሁ ብዬ አይደለም። አማርኛው ራሱ ለሁለታችሁም በር ስለሚከፍት ነው።

«ጠጥቶ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ብቻውን ሐሳብ አይቋጭም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። እስቲ እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያንብቧቸው፦

«ጥርሱን ቦርሾ ተኛ።»
«ተንሸራትቶ ወደቀ።»
«ሮጦ መጣ።»

የመጀመሪያው የሚነግረን ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ቦረሸ፣ ከዚያ ተኛ። ሁለተኛው ምክንያትም አለበት፤ የወደቀው ስለተንሸራተተ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንዴት እንደመጣ ይገልጻል። የግሱ ቅርጽ ግን በሦስቱም ያው ነው። ልዩነቱን የምናውቀው ከቃሉ ሳይሆን ስለ ነገሩ አስቀድመን ከምናውቀው ነው። ጥርስ መቦረሽ እንቅልፍ እንደማያመጣ ማንም ያውቃል። የተንሸራተተ ሰው እንደሚወድቅም እንዲሁ።

ስለ ነገሩ እርግጠኛ ባልሆንን ጊዜ ነው ጣጣው የሚመጣው። ሽሮፕና ጉንፋን እዚህ ላይ ናቸው። ሽሮፑን የሚያምን ሰው «ጠጥቶ ተሻለው» ሲባል ምክንያት ይሰማል። የማያምነው ቅደም ተከተል ብቻ ይሰማል። ተናጋሪው ሲጠየቅ ደግሞ ወደፈለገው ማፈግፈግ ይችላል። እህትዎ አውቀው አፈገፈጉ ማለቴ አይደለም። ምናልባት ሲናገሩ የትኛውን ማለት እንደፈለጉ ራሳቸውም አልለዩትም። ብዙዎቻችን አንለይም፤ ቦዝ አንቀጽ እንድንለይ አያስገድደንማ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦዙን አውጥተው «ስለ» ወይም «ከ… በኋላ» ያስገቡበት። «ጥርሱን ስለቦረሸ ተኛ» ብለው ቢሞክሩት ወዲያው ይጎረብጣል። «ስለተንሸራተተ ወደቀ» ግን ልክ ይቀመጣል። «ሽሮፑን ስለጠጣ ተሻለው» ያለ ሰው አሁን ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል። «ሽሮፑን ከጠጣ በኋላ ተሻለው» ያለ ሰው ግን የተናገረው የጊዜ ነገር ብቻ ነው፤ ማስረጃ ቢጠየቅ ያላለውን መጠየቅ ይሆናል።

ወደ ስሙ ልምጣ። ሁለት ቃላት በሥራ ላይ ናቸው፤ «ሕጸጽ» እና «ተፋልሶ»። እኔ የማዘነብለው ወደ «ሕጸጽ» ነው። ከግዕዝ የመጣ ቃል ሲሆን ጉድለት ማለት ነው። የክርክር ሕጸጽም ይኸው ነው፤ ከማስረጃው ወደ ድምዳሜው የሚያሻግረው ነገር ይጎድላል። «ተፋልሶ» የሚለውን እርስ በርሱ ለሚጋጭ ሐሳብ ባቆየው እመርጣለሁ። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሁለቱንም ትተን «ውሸት ነው» እንላለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰውን ያለ ጥፋቱ ውሸታም እናደርገዋለንና። ልጁ ሽሮፑን መጠጣቱ እውነት ነው፤ መሻሉም እውነት ነው። ጉድለት ካለ በሁለቱ እውነቶች መሀል በዘረጋነው ድልድይ ላይ ነው።

አርስቶትል የክርክር ሕጸጾችን በ13 ከፍሏቸዋል። 6ቱ ከቋንቋ የሚመነጩ ናቸው፣ 7ቱ ከቋንቋ ውጭ ያሉ። ከ6ቱ አንዱ በቃል አነባበብ ላይ የተመሠረተ ነው። በንግግር ይህን ሕጸጽ መሥራት እንደማይቀል፣ በጽሑፍና በግጥም ግን ይበልጥ እንደሚቀል ጽፏል። የጻፈው ስለ ግሪክኛ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ስለ አማርኛ የጻፈ ይመስለኛል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና።

እንበል፣ አንድ አስተማሪ ለወላጅ በስልክ መልእክት «ልጅዎ ይመታል» ብሎ ጻፈ። እናትዮዋ «መ»ን አጥብቀው አነበቡት። ልጄን እየደበደቡት ነው ብለው ደነገጡና «እናንተ ምን ትሠራላችሁ? ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብለው መለሱ። አስተማሪው «መ»ን አላልቶ ነበር የጻፈው። ሌሎችን ይማታል ማለቱ ነው። «ዝም አላልንም፤ ቀጥተነዋል» አለ። እናትዮዋ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሰማቸው ይገምቱ። ልጃቸው ተመትቶ፣ በዚያ ላይ ተቀጥቶ! ሁለቱም እየተቆጡ ናቸው፤ ሁለቱም ለልጁ ያስባሉ፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። በድምፅ ቢነጋገሩ ኖሮ ነገሩ በ5 ሰከንድ ያልቅ ነበር። በጽሑፍ ሲሆን «ሌሎችን ይመታል» ወይም «በሌሎች ይመታል» ማለት ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል ናት የጎደለችው።

በጣም ከማዝንባቸው አንዱ ደግሞ «ሁሉም» ከአሉታ ጋር ሲመጣ ነው። «ሁሉም ተማሪ አላለፈም።» አንድም አላለፈም ማለት ነው? ወይስ ያለፉ አሉ፣ የወደቁም አሉ? በአማርኛ ሁለቱንም ያስኬዳል። አንዱ ሁለተኛውን አስቦ ይናገራል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ሰምቶ «ውሸት! እኔ የማውቀው ያለፈ ልጅ አለ» ብሎ ይነሳል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፤ የሚለያዩበት ነገር ግን የለም። «አንድም ተማሪ አላለፈም» ወይም «ያለፉት ሁሉም አይደሉም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። አማርኛ መንገዱ አለው፤ አንጠቀምበትም እንጂ።

«ተባለ»፣ «ይባላል»፣ «ተረጋግጧል» የሚሉትን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ማን? አድራጊው የጠፋበት ግሥ የሚጣሉትም የሚታረቁትም ሰው የለውም።

«ምክንያቱም … ስለሆነ» የሚለውን አጻጻፍ ብዙ አንባቢዎች ይጠይቁኛል። «ምክንያቱም» ካሉ «ስለ» ትርፍ ነው፤ አንዱን ይጣሉት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትርፍነቱ አይደለም። «ይህ ሰው አይታመንም፤ ምክንያቱም እምነት የማይጣልበት ስለሆነ ነው» የሚለውን ይመልከቱ። ምክንያት አመልካች ቃል ሁለት አለው፤ ምክንያት ግን አንድም የለውም። ዞሮ እዚያው የሚመለስ ክርክር ነው። ጆሯችን «ምክንያቱም» ሲሰማ ምክንያት የተሰጠው ይመስለዋል፤ የሚያታልለንም ይህ ነው። ትርፉን ቃል ሲጥሉት ባዶው ፍንትው ብሎ ይታያል፦ «ስለማይታመን አይታመንም።»

ተረትና ምሳሌስ? አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በክርክር መሀል ግን እንደ ማስረጃ ሲቀርብ እጠነቀቃለሁ። አንዱ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ብሎ ዛሬውኑ እንወስን ይላል። ሌላው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ለነገ ይቀጥራል። ሁለቱም ምሳሌዎች እውነት አላቸው፤ እያንዳንዱ በቦታው። የእኛ ጉዳይ የጋለ ብረት ይሁን ወይም የሚፈስ ነገር፣ ምሳሌው ራሱ አይነግረንም። ያንን ማሳየት የተከራካሪው ፈንታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምሳሌው ሲጠቀስ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቅና ክርክሩ ያልቃል።

አሁን ወደ እህትዎ ልመለስ። በቅንነት ልንገርዎ፤ እርስዎም ላይ ትንሽ ሕጸጽ አለ። እህትዎ «ሽሮፑ አዳነው» ብለው አልደመደሙም። እርስዎ ግን እንደደመደሙ ቆጥረው «በምን አወቅሽ?» አሉ። ይህ ያልተባለውን መሟገት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት «ስለጠጣ ነው ወይስ ከጠጣ በኋላ?» የሚለው ነበር።

ደግሞ በክርክር ውስጥ ሕጸጽ ማግኘት ድምዳሜው ሐሰት መሆኑን አያሳይም። ሽሮፑ ረድቶት ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ልጁ የጠጣው በ6ኛው ቀን ከሆነ ባይጠጣም ይሻለው ነበር ማለት ይቻላል። በ2ኛው ቀን ጠጥቶ በማግሥቱ ድኖ ከሆነ ጥያቄው ትንሽ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ አንድ ልጅ አንድ ጊዜ መዳኑ ብዙ አያስረዳም። ስለዚህ ነገሩን እንደገና ካነሱት «በስንተኛው ቀን ነበር የጠጣው?» ብለው ይጀምሩ። እህትዎ ይህን ከእርስዎ በላይ ያውቁታል።