ከጣርማበር በላይና በታች፦ ጥያቄ አለኝ

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ እትም የመጡት ጥያቄዎች ከውርጭ እስከ ወባ፣ ከወባ እስከ መሬት መንቀጥቀጥ ናቸው፣ ግን አብዛኞቹ ዞሮ ዞሮ የሚገናኙት እዛው ደጋውን ከቆላው በሚለየው ጣርማበር ገደል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ታልባለች፣ በመሀላቸው ያለው ደሞ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥቅምት ላይ ወንዝ ዳር ያለውን ባቄላዬን ውርጭ መታው፣ ዳገቱ ላይ ያለው ግን ምንም አልሆነ። ሰዉ ጭስ ብታጨስበት ይተርፍ ነበር ይለኛል፣ እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን ዙሪያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጉዱ ያለው ማሳዎ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ፀጥ ባለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች፣ ደመና ቢኖር ከፊሉን ይመልሰው ነበር፣ ክረምት ከወጣ በኋላ ግን ደመናው የታለ። የቀዘቀዘ አየር ደሞ ስለሚከብድ ዳገቱን ይዞ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ወንዝ ዳር ይተኛል፣ የርስዎ ባቄላም እዛ ነበር የጠበቀው። ሬዲዮ ላይ «ዝቅተኛው 3 ዲግሪ» ሲባል ሰምተው እንዳይዘናጉ፣ ያ የሚለካው መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው፣ በዛው ሰዓት ቅጠሉ ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል።

ጭሱ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ጭሱ ራሱ እምብዛም ሙቀት አያስቀርም፣ የሚጠቅም ነገር ካለ እሳቱ ነው፣ እሱም በየቦታው ትናንሽ ሆኖ ከተነደደ። አንድ ክምር ኩበት ለኩሶ ሌሊቱን ሲያስሉ ከማደር ኩበቱን ለምጣድ ቢያተርፉት ይሻላል። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ብርድ ይመጣል ብለው በጠረጠሩበት ቀን ማሳውን ቀደም አርገው ውሃ ያጠጡት፣ እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይይዝና ሌሊት ይለቀዋል። ለከርሞ ደሞ ረባዳውን ለሳር ትተው ባቄላውን ወደ ዳገቱ ቢያወጡት። ውርጭ ቀላል ነገር አይደለም እኮ፣ እ.አ.አ. በጁላይ 1975 ብራዚል ውስጥ የፓራና ግዛትን ቡና ድራሹን አጥፍቶ የዓለምን የቡና ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት የቀን ሥራ ሄዶ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖት አንቀጠቀጠው። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ሰጠችው፣ ቀለል አለውና እንደገና ተነሳበት። እዚህ ደጋ ላይ ወባ አለ እንዴ? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ እስካሁን ካልወሰድሽው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ደሙ ይታይ። ዳማከሴውን እኔም እወደዋለሁ ግን ወባን አያድንም። አዎ፣ መንዝ ብርድ ላይ ወባ እንደ ልቡ አይራባም፣ የወባው ጥገኛ ተህዋስ ትንኟ ሆድ ውስጥ እንዲያድግ ሙቀት ይፈልጋል፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ዓይነት ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ሰው ግን ቆላ ተነክሶ ደጋ ላይ ይታመማል። ከተነከሰ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳበታል፣ ቫይቫክስ የሚባለው ደሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ትኩሳቱም ቀን እያሳለፈ የሚመላለስበት ጊዜ አለ፣ «ለቀቀው» ተብሎ የሚታለፈውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ ባለሙያው ከየት መጣህ ብሎ እስኪጠይቀው አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ «ቆላ ነበር» በሉት። ደጋ ላይ የሚሠራ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ሊመጣበት ይችላል። መድኃኒቱ ከተሰጠው ደሞ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ እንዳያቆም፣ እስከ መጨረሻው ይውሰድ። የደጋ ሰው በሽታውን ሰውነቱ ስላልለመደው ቶሎ ይጠናበታል። እ.አ.አ. በ1958 ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው ሲበዛ ወባ በሀገራችን እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥታ 3 ሚሊዮን ሰው ገደማ ይዛ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለች ይገመታል። እ.አ.አ. በ2024ም ሀገሪቱ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። ስለዚ ወንድምሽ ድጋሚ ከሄደ አጎበር ይዞ ይሂድ፣ አጎበሩንም ሽንኩርት መቋጠሪያ እንዳያረገው።

ጥያቄ፦ ፀሐይን ቀለበት ከበባት፣ ሰፈሩ ሁሉ ምልክት ነው እያለ ነው። ምንድነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በጣም ከፍ ብሎ ያለ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሲሰብሩት የሚፈጠር ነው፣ ቆላም ደጋም ይታያል። በቃ። ፀሐይዋን ግን አፍጥጣችሁ አትዩ፣ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ በ2017 ቤታችን ሲነቃነቅ ከረመ፣ አሁን ረገብ ብሏል። አበቃ ማለት ነው? አያቴ በልጅነቷ ማጀቴ ከተማ ላይ ስለደረሰው መንቀጥቀጥ ታወራ ነበር። (ከአንኮበር)

መልስ፦ አያትሽ ልክ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ አፍርሷታል። አንኮበር የቆመችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፣ ታች አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ቅልጥ አለት መሬት ውስጥ እየሰነጠቀ ሲገባ እናንተም ጋ ይሰማል፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 መጠኑ ወደ 5.7 ገደማ የሆነ ተመዝግቧል፣ የካቲት 7 ላይ የመጣው ትልቁ ደሞ ወደ 6 ገደማ ነበር። አበቃ ወይስ ይቀጥላል የሚለውን ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ ሳይንቲስት የለም፣ ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ የቲክቶክ ሰው ካለ ዝለዪው። ሊያሳስብሽ የሚገባው ቤቱ ነው፣ በድንጋይና በጭቃ ብቻ የተካበ ግድግዳ ሲነቃነቅ ይናዳል፣ ስለዚ አዲስ ስትሠሩ በየመሀሉ ዙሪያውን የሚያስር አግዳሚ እንጨት አስገቡበት፣ ማዕዘኑ ላይ በደንብ ይያያዝ፣ አልጋችሁንም ከባድ ነገር ከተሰቀለበት ግድግዳ አርቁት። ገደል ስር ቤት ያላችሁ ደሞ ከላይ መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ካወጣ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ናዳ ሊሆን ስለሚችል ከዛ ዞር በሉና ለቀበሌ ተናገሩ።