ሽጉጥህን ለአማችህ ትተህ ልትሄድ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ አለኝ፣ ለሁለት ወር አዲስ አበባ ስሄድ ሽጉጡን ለሚስቴ ወንድም አደራ ብሰጠው ችግር አለው ወይ?» ብለሃል። «ቨርጂኒያ እኮ ነው፣ ምንም የለውም» ያሉህን አትስማቸው። እኔም እንደዛ ስል ነበር። የአክስቴን ልጅ ከዚህ ሀገር ላስባርረው ትንሽ ነው የቀረኝ።

1. ፈቃዱ ያንተ እንጂ የሽጉጡ አይደለም። የአካባቢህ ፍርድ ቤት (ሰርኪዩት ኮርት) ለ5 ዓመት የሰጠህ ወረቀት ደብቀህ እንድትይዝ የሚፈቅደው ላንተ ብቻ ነው። ሽጉጡ አማችህ ወገብ ላይ ሲሆን ያ ወረቀት ለሱ አይሠራም።

2. መጀመሪያ የአማችህን የቪዛ ወረቀት እይ። ያው እንደኔው የአክስት ልጅ በተማሪ ቪዛ የመጣ ይሆናል። እንደ አደን ፈቃድ ያለ ጠባብ ልዩነት ከሌለው በቀር፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ሽጉጥ ቀርቶ ጥይት እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። እያወቅክ ከሰጠኸው አንተም ትከሰሳለህ። ከ2022 ወዲህ ቅጣቱ ለሰጪውም ለያዡም እስከ 15 ዓመት ነው። «ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ወስጄ ላስተኩሰው» ማለትም አያዋጣም፣ እዚያም ያው መያዝ ነው።

3. መኪና። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ሽጉጡን ለአክስቴ ልጅ አልሰጠሁትም። የሰጠሁት መኪናዬን ነው። እሑድ ለመልስ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሄድ ነበር። ሽጉጤ ዳሽቦርዱ ውስጥ እንዳለ ጭራሽ ረሳሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ እኔ እንደዛ ዘግቼ ማስቀመጤ ክልክል አልነበረም። ልጁ ግን የዉድሮ ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ ገባ። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። እኔው ራሴ ብነዳ እንኳ በታሰርኩ ነበር።

የኋላ መብራት ተቃጥሎ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናውን ወረቀት (ሬጂስትሬሽኑን) ሊያወጣ ዳሽቦርዱን ሲከፍት ሽጉጡ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል። ልጁ ደንግጦ ሁለት እጁን ጣሪያው ላይ ለጠፈ። ያቺ እጁን ያነሳባት ቅጽበት ሕይወቱን ያተረፈችው ይመስለኛል። አዲስ ሱፍ እንደለበሰ በካቴና ወሰዱት።

እዚያ ስቴት ሕጉ የሚነሳው «ነጂው ሽጉጡ መኖሩን ያውቃል» ብሎ ነው። አላውቅም ካልክ ማስተባበሉ ያንተ ሥራ ነው። ያዳነን የስልክ መልእክታችን ነው። «መኪናህን ለመልስ ታውሰኛለህ?» «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው»። ስለ ሽጉጥ አንዲት ቃል የለም። መልእክቶቹን እኔው አንድ በአንድ ተርጉሜ፣ ሰዓታቸውን ጽፌ ለጠበቃው ሰጠሁት። ጠበቃው እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም ብሎኛል። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ለማንሳት 7 ወር ፈጀበት። ለጠበቃ 7,500 ዶላር ከፍያለሁ። አክስቴ በየሳምንቱ ከደሴ እየደወለች «ልጄ ምን አጠፋ?» ስትለኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

ያኔ ያማከርኳት የኢሚግሬሽን ጠበቃ የነገረችኝን ልድገምልህ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሽጉጥ በሕገወጥ መንገድ በመያዝ ከተፈረደበት ከሀገር ሊባረር ይችላል። ግሪን ካርድም አያድንም። እስር ባይፈረድበት እንኳ።

ሽጉጡን ለማስመለስ የተመላለስኩበት ቢሮ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ሦስቴ መልሳኛለች። አንድ ቀን የፍርድ ቤት ወረቀት ጎደለ፣ ሌላ ቀን የግዢ ደረሰኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። በአራተኛው ቀን ፋይሉን ሙሉ ኮፒ አድርጌ ይዤ ሄድኩና ጎደለ የምትለው አጣች።

ለማንኛውም ሽጉጥ ይዘህ ድልድዩን መሻገር ካለብህ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቅህ በመነሻህም በመድረሻህም መያዝ ሲፈቀድልህ፣ ጥይቱ ወጥቶ ሽጉጡ ትራንክ ውስጥ ሲሆን ነው። ትራንክ ለሌለው መኪና የተቆለፈ ሳጥን ያስፈልጋል፣ ዳሽቦርድ ቢቆለፍም አይቆጠርም።

አንተ ለጉዞህ ካዝና ግዛ። ጥይቱን አውጥተህ ሽጉጡን ቆልፍበት። ኮዱን ለአማችህ እንዳትነግረው። እጁ ባይነካውም ኮዱን ማወቁ ብቻ እንደ መያዝ ሊቆጠርበት ይችላል። ከመብረርህ በፊት መኪናህን ፈትሽ፣ ዳሽቦርዱንም ከወንበሩ ሥርም። የአማችህ ቪዛ ምን ዓይነት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የጠበቃዬን ስልክ በውስጥ እልክልሃለሁ።