በሳምንት ስንት ኪሎ መቀነስ ይገባል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በሐዋሳ በሥነ ምግብ ሙያ ስሠራ ከሚያማክሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ምን ልብላ ብለው ሳይሆን በስንት ጊዜ እቀንሳለሁ ብለው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ያላችሁ እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር፤ የሚመሳሰሉትን በአንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የጓደኛዬ ሚዜ ስለምሆን 15 ኪሎ መቀነስ እፈልጋለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 15 ኪሎ ስብ መቀነስ አይቻልም፤ ምክንያቱን በሒሳብ ላሳይዎት። 15 ኪሎ ለስድስት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል ይደርሳል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ) የያዘ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ስብ ለማቅለጥ በየቀኑ ከ2,700 ኪሎ ካሎሪ በላይ ማጉደል ያስፈልጋል። በእርስዎ ዕድሜና ክብደት ያለች አብዛኛዋ ሴት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምታቃጥለው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ እህል ሳይቀምሱ ቢውሉ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። ለጤናማ ጎልማሳ የሚመከረው በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው፤ እስከ ሠርጉ ድረስ ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ቢቀንሱ በትክክል ሠርተዋል ማለት ነው። አራት ኪሎ ገደማ ከክብደትዎ አምስት በመቶ ነው፤ ወገብ ላይም በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ቀሚሱን የሚሰፋልዎት ሰው የመጨረሻውን ልክ ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንዲወስድ ያድርጉ እንጂ ዛሬ አጥብቦ እንዲሰፋው አይዘዙ።

ጥያቄ፦ እንጀራና ዳቦ ትቼ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ቀነስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን 300 ግራም ብቻ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ ያሳሳተዎት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰውነታችን ከእህል የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራውንና ዳቦውን ሲያቆሙ ይህ ክምችት አለቀ፣ የያዘውም ውሃ በሽንት ወጣ። ከአራቱ ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነበር ማለት ነው። ስቡ የሚቀንሰው በሁለተኛው ሳምንት ባዩት ዓይነት ዝግ ያለ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልክ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ሲተወው አያለሁ፣ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል በዓል መጥቶ እንጀራ በልተው በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ቢጨምሩ፣ የተመለሰው ውሃው ስለሆነ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ስመዘን አንድ ቀን 91፣ በማግስቱ 93 ኪሎ ይለኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ለብቻቸው አይመኑ። የልጆቹ ሚዛን የሚቀመጠው ኮብልስቶን ላይ ነው፤ አንዱ እግሩ ከድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ቁጥሩ ይለወጣል፤ እርስዎም አንድ ቀን በጫማ፣ ሌላ ቀን ምሳ በልተው ወጥተውበት ይሆናል። በአንድ ሚዛን ብቻ፣ ሜዳ በሆነ ወለል ላይ፣ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። ሴቶች የወር አበባ ሲቃረብ ውሃ ስለሚይዙ ክብደታቸው ሊጨምር ይችላል። በአራት ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ከወረደ፣ በመካከሉ የታየው መውጣትና መውረድ ሊያስጨንቅዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፈጥኜ ብቀንስ ምን እጎዳለሁ? በኋላ ተመልሼ እስተካከላለሁ።

መልስ፦ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ስቡ በችኮላ ሲቀልጥ ጉበት ወደ ሐሞት የሚለቀው ኮሌስትሮል ይበዛል፣ ምግብ በማነሱ ምክንያት ደግሞ የሐሞት ከረጢቱ በሚገባ ስለማይጨመቅ ኮሌስትሮሉ እዚያው ይረጋል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር መርገፍም የተለመደ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጡንቻ ነው። በጣም ሲራቡ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል፤ ጡንቻ ሲቀንስ በቀን የሚቃጠለው ጉልበት ያንሳል፤ ወደ ቀድሞው አመጋገብ በተመለሱ ጊዜ ኪሎው ይመለሳል፣ የሚመለሰውም በአመዛኙ ስብ ሆኖ ነው። ይህን ለመከላከል በየማዕዱ ፕሮቲን ይኑር፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ወይም ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገዛ ቆሮሶ ዓሣ፣ እሱም በዘይት ከሚጠበስ በሾርባ መልክ ቢሠራ ይሻላል። ከእርምጃ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያድርጉ። በቀን ከ800 ኪሎ ካሎሪ በታች መመገብ በሐኪም ክትትል ሥር ካልሆነ በስተቀር መሞከር የለበትም።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም። ሥጋም ቅቤም ትቼ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ የዘይት ጠርሙሱ ላይ ይገኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። አንዲት ጎረቤቴ ለሽሮዋ ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ስታፈስ፣ በመጀመሪያ በማንኪያ እንድትለካው ለመንኳት፤ ማሰሮው ውስጥ ሲገባ ትንሽ የመሰላት ዘይት ስምንት ማንኪያ ሆነ፣ ወጡ ደግሞ የሁለት ሰው ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ማንኪያ፣ ማለትም 480 ኪሎ ካሎሪ ደረሰ ማለት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በቀን መጉደል ያለበት 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ያን ሁሉ አንድ ወጥ ዋጠው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ሳምቡሳና ፓስቲ በለስላሳ ማወራረድም እንዲሁ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። በፍስክ ከእንሰት ለሚሠራው የሲዳማ ምግብ ለቡርሳሜ የሚጨመረው ቅቤም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ጾሙን ለነፍስዎ ይጹሙ፤ ለክብደትዎ ግን ዘይቱን በማንኪያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ኪኒን ትወስዳለች። ሐኪሟ ክብደት ቀንሺ ብሏታል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከሐኪሟ ጋር ስለ መድኃኒቱ መጠን ከመነጋገር ይጀምሩ። ግሊቤንክላማይድም ሆነ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ቢቀንስ፣ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ከታዩባት ወዲያውኑ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ይስጧት፤ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም ያድርሷት። ግቡን በተመለከተ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቷ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መቀነስ ለስኳሩም ለግፊቱም ይጠቅማታል። በዕድሜዋ ጡንቻ በቀላሉ ስለማይመለስ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ማቅጠኛ ሻይ እየጠጣሁ በሳምንት ሦስት ኪሎ ወረደልኝ። ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሻዮች ሆድ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች ያሉባቸው ናቸው፤ የወረደው ውሃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም። ሲደጋገም ፖታሲየም ከሰውነት ስለሚወጣ የልብን አመታት እስከ ማዛባት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሕፃን አጠባለሁ። መቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎን፣ በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ፤ ማዕድ ሳይዘሉ፣ ጣፋጩንና ዘይቱን ብቻ በመቀነስ። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ክብደት ለመቀነስ መሞከር የለባትም።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም ሳልሞክር በሦስት ወር ውስጥ ከ62 ወደ 55 ኪሎ ወርጃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አማረብሽ ይሉኛል፤ ቀስ ብዬ ልቀጥል ወይስ ላቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ስላሳሰበኝ በቀጥታ እናገራለሁ። ሳያስቡት የወረደ ክብደት፣ በተለይ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከአምስት በመቶ ሲያልፍ፣ መመርመር አለበት፤ የእርስዎ በሦስት ወር ብቻ አሥራ አንድ በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ ኤች አይ ቪ፣ የአንጀት ሕመም፣ ካንሰር ወይም ከባድ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የውሃ ጥም ወይም የልብ ትርታ መፍጠን ካለብዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ስንት ኪሎ እንደወረደም ጽፈው ይያዙ። ምርመራውን ለሚቀጥለው ወር አያሳድሩት፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።