«ሳራ ኦር አይ» ነው ወይስ «ሳራ ኦር ሚ»?

እህቴ፣ ለሥራ በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ «ፕሊዝ ኮንታክት ሳራ ኦር አይ» ብለሽ ነበር። አንዱ «ሳራ ኦር ሚ» በይ አለሽ፣ ሌላው ደግሞ «ሳራ ኦር ማይሰልፍ» ይሻላል አለሽ። በዚያ ላይ «ኦር» ስምንና ተውላጠ ስምን ሲያማርጥ ግሱ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቀሻል። ትክክለኛው «ሳራ ኦር ሚ» ነው። ምክንያቱን ከያዝሽው ሌላውንም በራስሽ ስለምትፈቺው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ምሳሌዎቹን በፊደላችን ስለጻፍኳቸው ድምፅ አውጥተሽ አንብቢያቸው።

አማርኛ «ሳራን ወይም እኔን አነጋግሩ» ሲል «ን»ን ለሁለቱም እኩል ያድላል። ስሙም ተውላጠ ስሙም ተሳቢ መሆናቸው በግልጽ ይታያል። በእንግሊዝኛ ግን ሳራ ባለቤትም ሆነች ተሳቢ ያው ሳራ ናት፤ ምንም አይጨመርባትም። መልካቸውን የሚቀይሩት ጥቂት ተውላጠ ስሞች ብቻ ናቸው፦ «አይ» «ሚ» ይሆናል፣ «ሂ» «ሂም»፣ «ሺ» «ኸር»፣ «ዊ» «አስ»፣ «ዜይ» «ዜም»። «ዩ» እና «ኢት» እንኳ አይለወጡም። ስለዚህ ከ«ኦር» በፊት ስም ሲገባ ግሱና ተውላጠ ስሙ ይራራቃሉ፣ ስሙም ምንም ፍንጭ አይሰጥም። ስህተቱ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

መፍትሔው ስሙንና «ኦር»ን በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ ነው። «ፕሊዝ ኮንታክት አይ» ሲባል ጀማሪ እንኳ ይጎረብጠዋል፤ «ፕሊዝ ኮንታክት ሚ» ልክ ነው። «ኸር ኦር ጆን ዊል ኮል» የሚለውንም ሸፍኚው፤ «ኸር ዊል ኮል» ይቀራል፣ ስለዚህ «ሺ ኦር ጆን ዊል ኮል» መባል ነበረበት። መስተዋድድ ሲኖርም ያው ነው፦ «ዚስ ሌተር ኢዝ ፎር ጆን ኦር ኸር»፣ ምክንያቱም «ፎር ኸር» እንጂ «ፎር ሺ» አይባልም። ሁለቱም ተውላጠ ስም ከሆኑ ሁለቱንም ለየብቻ መፈተን ነው፤ «ሂም ኦር አይ» ብሎ አንዱን ተሳቢ አንዱን ባለቤት ማድረግ አይቻልም። ፈተናው የሚላላው ከ«ኢት ኢዝ» በኋላ ብቻ ነው። የድሮው ሰዋስው እዚያ ላይ «አይ»ን ይፈልጋል፤ የዕለት ተዕለት ንግግሩ ግን «ኢት ኢዝ ሳራ ኦር ሚ» ነው፣ እሱን ብትጽፊ ማንም አይነቅፍሽም።

«ሳራ ኦር አይ» የሚለውን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰውም ይሳሳተዋል። በልጅነቱ «ሚ ኤንድ ጆን ዌንት» ሲል «ጆን ኤንድ አይ» በል እየተባለ ስለሚታረም፣ «አይ» ሁልጊዜ የጨዋ ንግግር ይመስለውና ተሳቢው ቦታ ላይም ይሰካዋል። «ማይሰልፍ» የሚመጣውም ከዚሁ ፍርሃት ነው፤ «አይ» ይሁን «ሚ» ያልለየለት ሰው ይጠለልበታል። «ማይሰልፍ» ግን ቀድሞ «አይ» ባለቤት ሆኖ ሲገባ የሚመጣ ቃል ነው፦ «አይ ኸርት ማይሰልፍ»። በአንቺ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አይ» የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ቢበዛም አርታኢ እጅ ሲገባ ይሰረዛል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ራስን ኋላ ማስቀመጥ ጨዋነት እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም። «ሚ ኦር ሳራ» ቢባልም ሰዋስው አይፈርስም። የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስም ግን ቦታው ያሳስባል። «ኮል ሂም ኦር ሂዝ ዋይፍ» ጥሩ ነው፤ ተገልብጦ «ኮል ሂዝ ዋይፍ ኦር ሂም» ሲባል ይከብዳል፣ ባልየው ላይ ልዩ ትኩረት ለማድረግ ካልተፈለገ በቀር። ደግሞም «ሂም ኦር ጆን» ካልሽ አንባቢው «ሂም» ከጆን ሌላ ሰው መሆኑን ይወስዳል፤ ማን እንደሆነ ቀደም ብለሽ በስሙ መጥራትሽን አረጋግጪ።

ወደ ግሱ ስንመጣ፣ «ኤንድ» ሲያጣምር ግሱ ብዙ ይሆናል። «ኦር» ሲሆን ግን ግሱ አጠገቡ ያለውን ይከተላል። «ሳራ ኦር ኸር ብራዘርስ አር ካሚንግ»፣ ሲገለበጥ ደግሞ «ኸር ብራዘርስ ኦር ሳራ ኢዝ ካሚንግ»። ሁለተኛው ልክ ቢሆንም ስለሚያደናቅፍ ብዙውን ወደ ኋላ፣ ወደ ግሱ ማስጠጋት ይመረጣል። በጥያቄ ጊዜ ግሱ ፊት ስለሚወጣ ቅርቡ የመጀመሪያው ይሆናል፦ «ኢዝ ሳራ ኦር ኸር ብራዘርስ ካሚንግ?»። «ዊል»፣ «ካን»፣ «መስት» ካሉ ለማንም ስለማይለወጡ ችግሩ ጭራሽ አይነሳም። ኃላፊ ጊዜም ከ«ዎዝ» እና «ወር» ውጪ እንደዚያው ነው።

የሚያስቸግረው «አይዘር ዩ ኦር አይ አም ሮንግ» ነው። በሕጉ ልክ ነው፣ አፍ ግን እሺ አይለውም፤ ሰዎች ሲናገሩ «አር» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ትቼ «ዋን ኦፍ አስ ኢዝ ሮንግ» ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ። «አይዘር ዩ አር ሮንግ ኦር አይ አም» ማለትም ይቻላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ግስ ስላገኘ የሚያጣላ ነገር አይቀርም።

አማርኛ ተናጋሪን ከሁሉም በላይ የሚጥለው አሉታው ነው። «እሱንም ሳራንም አላየሁም» ለማለት «አይ ዲድንት ሲ ሂም ኤንድ ሳራ» ብለን እንጽፋለን፤ የ«ም» እና «ም» ድርድር «ኤንድ»ን ስለሚያስታውሰን ነው። እንግሊዛዊው ግን «ሁለቱን አንድ ላይ አላያቸውም፣ አንዱን አይቶ ይሆናል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ከአሉታ በኋላ የሚገባው «ኦር» ነው፦ «አይ ዲድንት ሲ ሂም ኦር ሳራ»። እዚህ ላይ «ኦር» ምርጫ አይደለም፤ ሁለቱንም ይክዳል።

ሁለቱ ባለቤት ሲሆኑ ግን ይህ አይሠራም። «ሂ ኦር ሳራ ዲድንት ካም» ካልሽ አሉታው ከ«ኦር» በኋላ ስለመጣ፣ ከሁለት አንዳቸው ቀሩ የሚል ትርጉም ይይዛል። ሁለቱም እንዳልመጡ ለመናገር «ኒዘር ሂ ኖር ሳራ ኬም» ይባላል። ግሱን ልብ በይ፣ አዎንታዊ ነው! እኛ «ማንም አልመጣም» ስንል ግሱን መካድ ግድ ስለሆነብን «ኒዘር ሂ ኖር ሳራ ዲድንት ካም» ብለን እንደርባለን፤ በመደበኛው እንግሊዝኛ አንድ ክህደት ይበቃል። ተውላጠ ስሙ እዚህም በጣት ይፈተናል፣ ግሱም ቅርቡን ይከተላል፦ «ኒዘር ሂ ኖር አይ አም ሬዲ»።

ሌላው አማርኛ ለይቶ እንግሊዝኛ ያልለየው የ«ወይም» እና የ«ወይስ» ነገር ነው። «ዱ ዩ ዋንት ሚ ኦር ሳራ ቱ ካም?» የሚለው «እኔ ወይም ሳራ ብንመጣ ትፈልጋለህ?»ም «እኔ እንድመጣ ነው የምትፈልገው ወይስ ሳራ?»ም ሊሆን ይችላል። በንግግር ድምፁ ይለየዋል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ከቀረ «ወይም» ነው፣ መልሱ «የስ» ወይም «ኖ»። «ሚ» ላይ ወጥቶ «ሳራ» ላይ ከወረደ «ወይስ» ነው፣ መልሱም የአንዳችን ስም። ለዚህ «የስ» ብሎ የሚመልስ ሰው ጥያቄውን በ«ወይም» ሰምቶታል ማለት ነው። በጽሑፍ ድምፅ ስለሌለ «ዊች ኦፍ አስ ዱ ዩ ዋንት ቱ ካም፣ ሚ ኦር ሳራ?» ብለሽ ለይው።

ከ«ሳራ ኦር ጆን» በኋላ በምን ተውላጠ ስም ይጠራሉ? ሁለቱም ሴት ከሆኑ «ኸር» ይበቃል። ወንድና ሴት ሲሆኑ ድሮ «ሂም» ይበቃ ነበር፤ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ሕግ፣ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ የወንድ ቃል ሴትንም እንዲጨምር ደንግጓል። «ሂም ኦር ኸር» ልክ ነው፣ ግን በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ያታክታል። የዛሬው የተለመደ አነጋገር «ኢፍ ሳራ ኦር ጆን ኮልስ፣ ቴል ዜም አይ አም አውት» ነው። ይህ ነጠላ «ዜይ» ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 7ኛ እትም የአጻጻፍ መመሪያው ተቀብሎታል። «ኮልስ» ነጠላ ሆኖ «ዜም» መከተሉ አያስደንግጥሽ።

በአገናዛቢ ጊዜ ስሙም ምልክት ይለብሳል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን። «ማይ ኦር ሳራስ ካር» ይባላል፤ ይበልጥ የሚጥመው ግን «ማይ ካር ኦር ሳራስ» ነው። «ዩ ካን ቴክ ሳራ ኦር ማይ ካር» ብለሽ የሳራን «ስ» ከረሳሽ፣ አንባቢው ሳራን ራሷን ወይም መኪናሽን እንዲወስድ የተፈቀደለት ይመስለዋል።

ከዚያው ደብዳቤ የለጠፍሽው ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር «ሴንድ ዘ ፎርም አይዘር ቱ ሳራ ኦር ሚ» ይላል። «ሚ» ልክ ነው። «አይዘር» ግን ከ«ቱ» በፊት ስለገባ ከ«ኦር» በኋላም «ቱ» ይጠበቃል። ወይ «አይዘር ቱ ሳራ ኦር ቱ ሚ» በይ፣ ወይ «ቱ አይዘር ሳራ ኦር ሚ»። ለአጭር ደብዳቤ «አይዘር»ን አውጥተሽ «ሴንድ ዘ ፎርም ቱ ሳራ ኦር ሚ» ብትዪው ይበቃል።