ለታዮሰልፌት ሙከራው ጥያቄ፦ ከ40 ዲግሪ በላይ ግራፉ ለምን ይወድቃል?

ሰላም መምህር። አዳማ ላይ ለ11ኛ ክፍል የሶዲየም ታዮሰልፌትና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙከራ ስታሠሩ ፍጥነቱን ከሙቀቱ ጋር በሚያሳየው ግራፍ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ያሉት ነጥቦች ከሚጠበቀው መስመር በታች እየወደቁ እንዳስቸገሩ ጽፈዋል።

1. መጀመሪያ የታዮሰልፌቱን ዕቃ ይዩ። ፔንታሃይድሬት (ውሃ የያዘው ክሪስታል) ከሆነ ለአንድ ሊትር 40 ግራም፣ ውሃ የሌለው ከሆነ 25.5 ግራም ይመዝኑ። ሻጭ ሳይለይ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚጎዳው ተማሪ ነው።

2. ከብጥብጡ 10 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 40፣ አሲዱ (2 ሞላር) 5። አሲዱ ሲገባ የሚፈጠረው ድኝ (ሰልፈር) ብጥብጡን አደፍርሶ ከቢከሩ ሥር ያለውን የመስቀል ምልክት እስኪሸፍን ያለው ጊዜ ነው የሚለካው። በየዙሩ ቢከሩም፣ መስቀሉም፣ ከላይ የሚያየው ተማሪም አይቀየሩ።

3. የእናንተ ችግር ያለው ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የሚመዘግቡት አሲዱ ከመጨመሩ በፊት ያለውን ሙቀት ነው። 50 ዲግሪ ላይ ያለ 50 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ 28 ዲግሪ የሆነ 5 ሚሊ ሊትር አሲድ ሲገባበት ወዲያው ወደ 48 ይወርዳል፤ መስቀሉ እስኪጠፋ ደግሞ ይበርዳል። አማካዩ 47 ቢሆን ደብተሩ ላይ ግን 50 ተብሎ ይጻፋል። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን የ3 ዲግሪ ስህተት ውጤቱን 20 በመቶ ያህል ያዛባዋል። ከክፍሉ ሙቀት ብዙም በማይርቁት ነጥቦች ላይ ይህ አይታይም፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይብሳል። የወደቁት ነጥቦች እነዚሁ ናቸው።

ስለዚህ አሲዱን በቴስት ቲዩብ አድርጋችሁ ከቢከሩ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አሙቁት። የፔርሙዝ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይበቃል፤ እሳት ላይ ከተጣደ ታቹ ከላዩ ይበልጥ ይሞቃል። ሙቀቱን አሲዱ እንደገባና መስቀሉ እንደጠፋ አንብባችሁ አማካዩን ጻፉ። በመጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት ክፍሉ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ በረዶ አዘጋጁና ከ15 ጀምሩ፤ 25፣ 35፣ 45፣ 55 ይከተሉ።

60ን አትለፉ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ መስኮት አጠገብ ቆሞ ሰዓት ይያዝ። ጊዜውም በጣም ስለሚያጥር ስቶፕዋች የሚጫነው እጅ መዘግየት ራሱ ትልቅ ስህተት ይሆናል። ያለቀውን ወዲያው ሶዲየም ካርቦኔት ወዳለበት ባልዲ ድፉና ቢከሩን እጠቡ። ድኙ ቢከሩ ሥር ከደረቀ በሚቀጥለው ዙር መስቀሉ ያለጊዜው ይጠፋል።